ቄራ አካባቢ ያለ አሮጌ ቪላ ለሽያጭ ሊወጣ ነው፤ የውጪው ሥራ ከየት ይጀመር?

ሻጭ_ቄራ
ሰላም ለሁላችሁ። በቄራና በሜክሲኮ መሀል 280 ካሬ ላይ ያረፈ ቪላ በጥቅምት መጨረሻ ለገበያ ልናወጣ ነው። ቤቱ 10 በ12 ሜትር ነው። የፊቱ ብሎኬት ሲሆን ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ናቸው። ጣሪያው የዱሮ ቆርቆሮ ነው፣ ቦታ ቦታውን ዝጓል፤ አሸንዳ ያለው በፊት ለፊት ብቻ ነው። የኋላው ግድግዳ ከመሬት እስከ ጉልበት ቀለሙ ተላጧል፣ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። የግቢውን በር ላሜራ ከታች ዝገት በልቶታል። ደላላው «ቀለም ይቀባ፣ ዋጋው ይነሳል» ይላል፤ ቀቢው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ኳርትዝ (አሸዋ ያለው ወፍራም የግድግዳ ቅብ) ይሁን ባይ ነው። አሁን ነሐሴ ነው፣ ያለን ገንዘብ ለሁሉም አይበቃም። ምን ይቅደም?

ፎርማን_ልደታ
ነሐሴ መሆኑ ጠቀማችሁ። ጥቅምት ላይ ሁሉም ግድግዳ ደረቅ ይመስላል፤ ቤቱ የቱ ጋ እንደሚያፈስ የሚታየው አሁን ነው። ዝናብ ሲወርድ ዣንጥላ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩት። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ መሬቱን የት እየቆፈረ ነው? ወደ ግድግዳው ስንት ሳንቲ ይረጫል? ካቆመ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቱ ጋ ተኝቶ ቀረ? በስልክ ፎቶ አንሱና ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት።

ያ ነጭ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ ከመሬት በግድግዳው ውስጥ ይወጣና ከአፈሩና ከሲሚንቶው ያሟሟውን ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ላዩ ላይ ቀለም ከቀባችሁ ጨው ከቀለሙ ጀርባ እየጠጠረ ይገፋዋል፣ በወር በሁለት ወር ይላጣል። ኳርትዝ ከሆነማ ወፍራም ስለሆነ በቁራሽ ቁራሽ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ለውሃው ይሁን፣ ቀጥሎ በሩ፣ ቀለም መጨረሻ ላይ።

ገማች_አዲስ
ከዚያም በፊት አንድ ጥያቄ አለ፤ ገዢው የሚፈልገው ቤቱን ነው ወይስ ቦታውን? መሀል ከተማ 280 ካሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አፍርሶ ሊሠራ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ውሉ ላይ የሚሸጠው ቤት ነው፣ ሰውየው በልቡ የሚያሰላው ግን ስፋቱን፣ የመንገዱን ወርድና ፕላኑ ስንት ፎቅ እንደሚፈቅድ ነው። እንዲህ ላለው ገዢ የኳርትዝ ግድግዳ ምንም አይጨምርለትም። የሚያየው አጥሩ ከካርታው ወሰን ጋር መግጠሙን፣ መኪና በበሩ መግባቱን፣ ግቢው ውስጥ ካርታው ላይ የሌለ ተጨማሪ ክፍል አለመኖሩን ነው።

ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ አራቱንም ወገን ለኩና ከካርታው ጋር አመሳክሩ። ሰርቪስ ቤቱ ወይም የቆርቆሮ መጠለያው ያለፈቃድ የተሠራ ከሆነ ከመቀባት ማፍረስ ይረክሳል፤ ግቢውም ሰፍቶ ይታያል። የባንክ ብድር ይዞ የሚመጣ ገዢ ሲኖር የባንኩ ገማች የሚያየው ይህንኑ ነው።

ሻጭ_ቄራ
ሁለቱም ዓይነት ገዢ ሊመጣ ይችላል። ቦታው በአስፋልት ዳር አይደለም፣ ኮብልስቶን ባለው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ገማች_አዲስ፣ ወሰኑን እንለካለን። ፎርማን፣ የውሃውን ሥራ ዘርዘር ቢያደርጉልን?

ፎርማን_ልደታ
እሺ። ከላይ ልጀምር።

አሸንዳ፦ ከኋላ ያለው የጣሪያ ወገን ከነክፍክፉ ወደ 70 ካሬ ይሆናል። በአንድ ሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,400 ሊትር ማለት ነው፤ ሰባት በርሜል። ይህ ሁሉ አሁን ከጭቃው ግድግዳ ሥር እየወረደ ነው። ከኋላ ወደ 13 ሜትር አሸንዳ ያስፈልጋል። ተዳፋቱ በሜትር 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሳንቲ ተኩል መሆኑ ነው፤ በዓይን ግምት ሳይሆን በክርና በውሃ ልክ ይያዝ። መያዣ ብረቱ በየ60 ሳንቲው። ባለሙያው በየሜትር ተኩሉ ልያዝ ካለ እምቢ በሉ፤ በመጀመሪያው በረዶ መሀሉ ይረግብና ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። መውረጃው የ110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ሆኖ ሁለት ቦታ ይውረድ። የቱቦው አፍ ግድግዳው ሥር አይቅር፣ በመሬት ውስጥ ወይም በቦይ ቢያንስ ሁለት ሜትር ከቤቱ ይራቅ። የዝናብ ውሃን ወደ ሴፕቲክ ታንኩ አታስገቡ፣ ክረምት ላይ ሞልቶ ወደ መጸዳጃው ይመለሳል። ወደ ጎረቤት ግቢም እንዳይፈስ፤ በቤት ማሳያ ቀን ጎረቤት አጥር ላይ ቆሞ ሲጮህ ገዢ ይሰማል።

መሬቱ፦ በአሮጌ ግቢዎች አፈሩ ዓመት በዓመት ከፍ ይላል። አበባ ይተከላል፣ ፍርስራሽ ይደፋል፣ በመጨረሻ ዞኮሎው (የግድግዳው የታችኛው ጠርዝ) ይቀበርና አፈሩ ልስኑን ይነካል። ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ዝቅ እስኪል ቁረጡት። ከዚያ ዙሪያውን 80 ሳንቲ ወርድ ያለው ማርሻፔዴ (ቤቱን የሚዞር የኮንክሪት መራመጃ)፣ ወደ ውጪ 2 ሳንቲ ያህል ያዘነበለ።

ጭቃ_ቤት
ፎርማን፣ ከብሎኬቱ በኩል እስማማለሁ፤ ከጭቃው በኩል ግን አይሆንም። ጭቃ ግድግዳ ሥር ኮንክሪት ስታፈስ ከመሬቱ የሚተነው እርጥበት መውጫ ያጣና ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። አሁን ጉልበት ላይ ያለው መስመር በሚቀጥለው ክረምት ወገብ ጋ ይደርሳል። ከጭቃው በኩል 40 ሳንቲ ወርድና 30 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ ጠጠር መሙላት ይሻላል፤ የቦዩ ወለል ወደ መውጫው ያዘንብል። ጠጠሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ጭቃ እንዳይረጭም ይከላከላል፣ ዋጋውም ከኮንክሪት በጣም ያንሳል።

ሌላው፣ በጭቃ ላይ የተለሰነው ሲሚንቶ ራሱ ችግር ነው። ጭቃ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፣ ይለቃል። በመዶሻ እጀታ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ድምፁ ባዶ የሆነበት ሁሉ ለቋል፣ ዛሬ ባይወድቅ ነገ ይወድቃል። ባዶ የሚለውን ብቻ አንሱት፣ የያዘውን አትንኩ።

ልስኑ ሲነሳ የቋሚዎቹን እግር በካቻቢቴ ውጉ። ጫፉ ከአንድ ሳንቲ በላይ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ያኔ ነገሩ የማስዋብ ሳይሆን የደኅንነት ነው፤ ቋሚው ተቆርጦ በአዲስ ይተካል፣ ጣሪያው በድጋፍ ተይዞ፣ አንድ በአንድ። ሁለት ቋሚ ባንዴ እንዳይቆርጡ።

ፎርማን_ልደታ
ስለ ማርሻፔዴው ትክክል ነህ፣ ከኋላ ጠጠር ይሁን። የልስኑን መጠን ላስላ። ከኋላ 12 ሜትር፣ ከሁለቱም ጎን አራት አራት ሜትር፣ በጠቅላላው 20 ሜትር። እርጥበቱ ከታየበት መስመር 50 ሳንቲ አልፎ መነሳት ስላለበት ቁመቱ አንድ ሜትር። በ2 ሳንቲ ውፍረት 0.4 ሜትር ኩብ ነው። ለጭቃ ግድግዳ ሲሚንቶ በሦስት አሸዋ አይሠራ፣ በጣም ጠንካራ ነው። አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት አሸዋ። ሲሚንቶው ሁለት ከረጢት ይበቃል፣ ኖራው በዚያው ሳጥን ልክ ይሰፈር፣ አሸዋው 50 በ40 በ20 በሆነው ሳጥን አሥር አሥራ አንድ ሳጥን። አሸዋው ይታጠብ፤ ጭቃ ያለበት አሸዋ ነው ልስን የሚሰነጥቀው። መጀመሪያ የዶሮ ሽቦ በቋሚዎቹና በማገሮቹ ላይ በምስማር ይወጠር፣ ከዚያ አንድ ግርፍ (ቀጭን የሲሚንቶ ርጭት) ይመታና በማግስቱ ልስኑ በሁለት ዙር ይሂድ። ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጭ። የአዲስ አበባ የመስከረም ፀሐይ በቀን ውስጥ ያቃጥላል፣ ሳይረጠብ የደረቀ ልስን ሲዳሰስ ይፈረፈራል።

ቀለም_በካሬ
እኔ ስለ ቀለሙ ልግባ። አዲስ ልስን ሳይደርቅ ከተቀባ የሲሚንቶው አልካሊ ባሕርይ ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ ደመና የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል። አራት ሳምንት ይጠበቅ። ልስኑ መስከረም 15 ገደማ ካለቀ ቀለሙ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይጀመራል፤ ለቀጠሮአችሁ ይደርሳል። ከዚያ ከዘገያችሁ የማሳያውን ቀን ግፉት እንጂ ልስኑን አታጣድፉት።

የድሮው ግድግዳ መጀመሪያ ይፈተሽ። መዳፋችሁን ሥቡበት፤ ነጭ ከያዘ ከሥሩ ኖራ አለ ማለት ነው። ኖራ ላይ ፕላስቲክ ቀለም በቀጥታ አይይዝም፣ እንደ ፓስቲ ልጣጭ ይነሳል። ሽቦ ብሩሽ፣ እርጥብ ስፖንጅ፣ ሲደርቅ አንድ እጅ ፕራይመር። ሁለተኛው ፈተና በምላጭ ሁለት ጊዜ አግድም ሁለት ጊዜ ቁልቁል ጭራችሁ ስኮች መለጠፍና ባንዴ መንቀል ነው። ቀለም ይዞ ከመጣ ያ ቦታ መፋቅ አለበት።

ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ካለ በበረኪና ይታጠባል፤ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ፣ ሩብ ሰዓት ይቆይና በብዙ ውሃ ይለቅለቅ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ብረት ላይም አይፍሰስ።

መጠን፦ ዙሪያው 44 ሜትር በ3 ሜትር ቁመት 132 ካሬ፤ በርና መስኮቱ 20 ሲቀነስ 112 ካሬ። ለስላሳ ልስን ላይ አንድ ሊትር ስምንት ካሬ ያህል ይሸፍናል። ሁለት እጅ ማለት 28 ሊትር፤ አንድ የ20 ሊትር ባልዲና ሁለት የ4 ሊትር ጋሎን። ሻካራ ከሆነ 37 ሊትር ድረስ ይሄዳል። ፕራይመሩ ለብቻው 12 ሊትር። ኳርትዝ ሻካራነቱ እንደ አሸዋው ቢለያይም በካሬ 2 ኪሎ ብትይዙት 224 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ሒሳቡን ራሳችሁ አነጻጽሩ። ሊሸጥ ላለ ቤት፣ በተለይ ጭቃ ላይ፣ ኳርትዝ አልመክርም። ገዢም አይሞኝም። አሮጌ ቤት ላይ ትኩስ ኳርትዝ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ደበቁበት?» ብሎ ነው።

ሻጭ_ቄራ
ቀቢው በቁርጥ ልሥራ ይላል፣ ዕቃውንም እኔው ልግዛ ብሏል።

ቀለም_በካሬ
የእጅ ዋጋ በካሬ ተነጋገሩ፣ ዕቃውን እናንተ ግዙ። በቁርጥ የተያዘ ቀለም ላይ ውሃ ይበዛል። የመጀመሪያው እጅ እስከ 20 በመቶ ይቅጠን፣ ሁለተኛው ከ10 አይለፍ። ባልዲዎቹ ሲከፈቱ አንዳችሁ እዚያ ሁኑ፤ ማሸጊያው ያልተነካ፣ የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ባች ሲለያይ በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ክሬም ይታያል።

ከለሩ ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ዞኮሎው ደግሞ 50 ሳንቲ ድረስ ጠቆር ያለ ግራጫ ወይም ቡናማ። ዝናብ የሚረጨው ቀይ አፈር በነጭ ግድግዳ ላይ በአንድ ሳምንት ይታያል። ደማቅ ቀይና ሎሚ ቢጫ በዚህ ከፍታ ፀሐይ ቶሎ ይነጣሉ።

መንገድ_ዳር
ለሌሎች አንባቢዎች ልጨምር፦ ቤታችሁ የኮሪደር ልማት ባለፈበት መንገድ ዳር ከሆነ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ወረዳውን ጠይቁ። በእነዚያ መንገዶች ዳር ግራጫው የበዛው በባለቤቶቹ ምርጫ አይደለም። አጥር መቀየርም እንዲሁ ሳይጠየቅ አይነካ።

ብየዳ_ቤት
በሩን ማንም በዝርዝር አላነሳውም። ገዢ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው፤ እየተንሻፈፈ ከተከፈተ ቤቱንም ጠማማ አድርጎ ነው የሚያየው።

ላሜራው ከታች የሚበላው ውሃ በቱቦላሬው (ውስጡ ባዶ በሆነው የበሩ ብረት) እና በላሜራው መሀል ተኝቶ ስለሚቀር ነው። ስቱኮ ሞልቶ መቀባት ዋጋ የለውም፣ ዝገቱ ከሥር ይቀጥላል። ከታች 20 ሳንቲ በፍሌክስ (በኤሌክትሪክ መቁረጫ) ይቆረጥና በ1.5 ሚሊ ላሜራ ይተካ፣ ብየዳው ነጠብጣብ ሳይሆን ሙሉ መስመር ይሁን። የታችኛው ቱቦላሬ ላይ በየ50 ሳንቲው 8 ሚሊ ቀዳዳ ወደ ታች ይበሳ፣ ውሃው እንዲወጣ። በሩ ከመሬት 5 ሳንቲ ከፍ ይበል። ማጠፊያው ከላላ ከምሰሶው ጋር ያለው ብየዳ መሰንጠቁን እዩ፤ ግሪስ ብቻ የሚፈታው ጩኸቱን ነው።

ቀለሙ፦ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ መጨረሻ ላይ 120። በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) በዚያው ቀን ይቀባ፤ የተፋቀ ብረት በአንድ ሌሊት ጤዛ እንደገና ይዝጋል። ሁለት እጅ አንቲረስት፣ ሁለት እጅ ሲንተቲክ (የዘይት ቀለም)፣ በየመሀሉ 24 ሰዓት። 3 በ2.20 በር ሁለቱ ፊቱ 13 ካሬ ነው፤ ከእያንዳንዱ አንድ ጋሎን ይበቃል፣ ከተረፈውም የመስኮት ብረቶች ይቀባሉ። ያረጀ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉ፣ ውሃ እያስነካችሁ ይሁን፣ ልጆች አይቅረቡ።

ጣሪያ
ቆርቆሮውን ሁሉ መቀየር አያስፈልግም። ዝገቱ ላዩን ብቻ ከሆነ ይቦረሽና ይቀባል። ጣት ሲጫነው የሚረግብ ወይም ከውስጥ ብርሃን የሚያሳየው ብቻ ይቀየር። አዲሱ ቆርቆሮ ከጎኑ አንድ ተኩል ሞገድ፣ ከላይና ከታች 15 ሳንቲ ይደራረብ። ምስማሩ ከነጎማው በሞገዱ ጉብታ ላይ እንጂ በሸለቆው ላይ አይመታ፤ ውሃ የሚሄደው በሸለቆው ነው። የድሮ ምስማሮች ከላሉ መዶሻ አትጨምሩባቸው፤ ነቅላችሁ ረዘም ባለ ተኩ። ኮልሞው (የጣሪያው አናት ክዳን) ሥር የወፍ ጎጆ አለመኖሩን እዩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ ከተቀባ ዚንኩ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል ነገር ይሠራል፣ ቀለሙም እንደ አንሶላ ተገፎ ይለቃል። ለጋልቫናይዝድ የሚሆን ፕራይመር ይቅደም። የከረመው ቆርቆሮ ላይ ይህ ችግር ይቀንሳል።

መሰላል ስታቆሙ ከምሰሶ ወደ ቤቱ የሚገባውን የመብራት መስመር እዩ። ሽፋኑ የተላጠ ወይም ከጣሪያው የሚነካካ ከሆነ ሥራው ሳይጀመር ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውሉ።

ሻጭ_ቄራ
ብሎኬቱና ጭቃው የሚገናኙበት ላይ ከላይ እስከ ታች የሄደ ስንጥቅ አለ። በስቱኮ ሁለቴ ተደፍኖ ተመልሷል። ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህስ ገዢ ያስፈራ ይሆን?

ፎርማን_ልደታ
ሁለቱ ግድግዳዎች በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይንቀሳቀሱ እዚያ መሰንጠቁ የሚጠበቅ ነው። ስቱኮና ሲሚንቶ አይችሉትም። በፍሌክስ 1 ሳንቲ ወርድ ከፍታችሁ የሚለጠጥ የአክሪሊክ ማሸጊያ ሙሉበት። ሲልከን አይሁን፣ ቀለም አይቀበልም፤ ግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቅ መስመር ሆኖ ይቀራል። እንደውም መስመሩን ቀጥ አድርጋችሁ ተዉት፤ ቀጥ ያለ መጋጠሚያ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል፣ ነውም።

የሚያሳስበው ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ከ5 ሚሊ የሚሰፋ ስንጥቅ ነው። እንዲህ ያለ ካለ ጀሶ አቡክታችሁ በስንጥቁ ላይ እንደ ድልድይ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ ጀሶው ከተሰበረ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ መሐንዲስ ይየው።

ገማች_አዲስ
ስንጥቁንም እርጥበቱንም ለገዢው ንገሩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለስውር ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ደፍኖ መሸጥ ከውሉ በኋላ ክርክር ያመጣል። ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶዎች፣ የአሸንዳውና የሲሚንቶው ደረሰኝ በአንድ ፋይል ቢቀመጥ ገዢው ዋጋ ለማውረድ የሚይዘው ምክንያት ያጣል።

ሻጭ_ቄራ
ስለ ግቢውስ? ሳሩ ደርቋል፣ ጽዱ ከአጥር በላይ ወጥቷል፣ ሮቶው ከፊት ለፊት ቆሟል።

ጭቃ_ቤት
ሳር በዘር ለጥቅምት አይደርስም፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ማጠጣቱ ራሱ ጣጣ ነው። የሞተውን አንስታችሁ ቦታውን ደልድሉ፣ ከጓሮው የተረፈውን ጠጠር አልብሱት። ጽዱ ከአጥሩ ጋር እኩል ይከርከም፤ ወደ ውስጥ ቡናማው እንጨት ድረስ አትቁረጡት፣ እዚያ እንደገና አያቆጠቁጥም። ሮቶውን ለማዛወር ቧንቧ መቀጠል ስለሚጠይቅ ባለበት ተዉት፣ መቆሚያ ብረቱን ግን ከበሩ በተረፈው አንቲረስት ቀቡት። ገዢዎች ሮቶ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

ቀለም_በካሬ
የፖዜቶ (የፍሳሽ ጉድጓድ) ክዳኖች የተሰበሩ ካሉ ይቀየሩ፣ ማሳያ ቀን ሰው እግሩን እንዳያስገባ። ከቅብ በፊት ደግሞ የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን፣ የቤት ቁጥሩን ሰሌዳ በላስቲክና በስኮች ጠቅልሉ። የቆጣሪ መስታወት ላይ ቀለም ከተረጨ በአኳራጅ አትጥረጉት፣ ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል፤ የፕላስቲክ ቀለም ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል።